«አንተ ያልከው ይሁን»፦ ሜርኩሪ ያለበት የጥርስ ሙሌትና ዳኞቹ

ደጀን መናኸሪያ ላይ በማለዳ ጉንጩን በነጠላ አስሮ መኪና የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ሌሊቱን ዓይኑን አልከደነም። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነክሶ ሞከረ፤ አልሆነም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ቀዳዳው ላይ አደረገበት፤ ድዱን ከማቃጠል ሌላ የፈየደለት የለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረቄ ተጉመጠመጠ። ሲነጋ ጉንጩ አብጦ ዓይኑ ሥር ደርሷል። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ የወጡት የጭነት መኪኖች ጥሩምባ በነፉ ቁጥር ሕመሙ ይነሣበታል። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ እዚያው ደጀን ማስነቀል፣ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ማርቆስ መድረስ፣ አለዚያም በረሃውን ወርዶና ወጥቶ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ መዝለቅ።

ብዙው ሰው ያስነቅላል። የመጣው ጥርሱ ከተበላሸ በኋላ ነውና ለሙሌት የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ቀደም ብሎ የመጣው ግን ሌላ ምርጫ አለው፤ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ንግግርም አጭር ነው።

«እማማ፣ ይኼኛው ቢሞላ ይተርፋል። ያኛው ግን መነቀል አለበት።»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ! አንተ ያልከው ይሁን።»

ይህ «አንተ ያልከው ይሁን» ቀላል ነገር አይደለም። እናትየው ራሳቸውን ለባለሙያው ሰጡ። ባለሙያው በበኩሉ ለተማረበት መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ለመመሪያው፣ መመሪያው ደግሞ እሳቸው ስሙን እንኳ ሰምተውት ለማያውቁት፣ ጄኔቫ ወይም ብራስልስ ወይም ዋሽንግተን አጠገብ ለተቀመጠ የባለሙያዎች ጉባኤ ራሱን ሰጥቷል። ስለ አማልጋም፣ ማለትም ሕዝቡ «ብረቱ» ወይም «ጥቁሩ» ስለሚለው ሙሌት፣ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ክርክር ተካሂዷል። ክርክሩ ሜርኩሪው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚያ ያላነሰው ጥያቄ የፈረዱት እነማን ናቸው፣ ከማን ጋር ተዛምደዋል የሚለው ነው። በእኔ እምነት ለደጀኗ እናት ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

አማልጋም ሲሠራ ቀርቦ ላየው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። በድሮው አሠራር ሜርኩሪው በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል። ረዳቱ ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብታ ትንሽዬ ሙቀጫ ውስጥ ያንጠባጥባል፤ የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ብናኝ ይጨምርበትና ያሸዋል። ሊጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲጨምቀው የተረፈው ሜርኩሪ በጨርቁ ቀዳዳ እያብለጨለጨ ይወርዳል። ጠብታው ወለል ላይ ከወደቀ ተሰባብሮ ይበታተናል፤ ሳንቃ መካከል ገብቶም ለዓመታት ይተናል። በአዲሱ አሠራር ብናኙና ሜርኩሪው በአንድ ካፕሱል ተለክተው ይመጣሉ፤ ማሽን ለጥቂት ሰከንድ ያርገፈግፋቸዋል። በሁለቱም መንገድ ከሙሌቱ ክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ባለሙያው ለስላሳውን ድብልቅ በተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ እየጠቀጠቀ ይሞላል፤ ሳይደርቅ በፊትም ቅርጽ ያወጣለታል። ርካሽ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ምራቅ ቢነካውም ይችላል። ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚቱ፣ ጥርሱ ድርቅ ካላለና በሰማያዊ መብራት ካልደረቀ አይያዝም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የደረቀ አማልጋም ሜርኩሪውን አጥብቆ ይይዛል እንጂ ፈጽሞ አይቆልፈውም። ሲታኘክበትና ሲሞቅ በጣም ትንሽ መጠን ያለው ትነት ይለቃል። ቆሎ ቆርጥሞ ትኩስ ቡና የሚጠጣ ሰው፣ ማለትም ጎጃም ውስጥ ሁላችንም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ያደርጋል። ወደ ሳንባ ከገባው ትነት 80 በመቶ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ሰነድ፣ በሥራው ምክንያት ሜርኩሪ ለማይነካ ሰው ዋናው የሜርኩሪ ትነት ምንጭ የጥርስ ሙሌት መሆኑን አስፍረዋል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ጠቡ የሚጀምረው «ታዲያ ይህ መጠን ይጎዳል?» ከተባለበት ነው።

ጠቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1833 ክራውኩር የተባሉ ወንድማማቾች አማልጋምን ይዘው ኒው ዮርክ ገቡ። በ1840 የተመሠረተው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ብዙም ሳይቆይ አባላቱ አማልጋም ላለመጠቀም እንዲፈርሙ አስገደደ። ያልፈረመው ተባረረ። ርካሹን ሙሌት የሚፈልገው ሕዝብ ግን ብዙ ነበርና ማኅበሩ በ1856 ፈረሰ። ወርቅ በመሙላት የሚተዳደሩ ሐኪሞች አማልጋምን የተቃወሙት ለታካሚው ጤና አስበው ነው ወይስ ለገበያቸው? ሁለቱም ሳይኖርበት አልቀረም። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ሽቶክ በቤተ ሙከራው የሜርኩሪ ትነት ራሱ ተመርዞ ከቆየ በኋላ በ1926 ስለ ትነቱ አደገኛነት ጽፎ አማልጋምንም ከሰሰ። ሽቶክ ሊቅ ነበር፤ የተመረዘም ሰው ነበር። ምስክርነቱ ክብደት ያገኘው ከሁለቱም ነው፤ ጥርጣሬ የቀረበበትም በሁለቱም በኩል ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግራ ያጋባል። የስዊድን መንግሥት የጥርስ ቁሳቁስን ጉዳይ እንዲያጠና ላቋቋመው ኮሚሽን ፕሮፌሰር ማትስ በርሊን በ2003 የጥናቶች ግምገማ አቀረቡ። አማልጋም ከሕክምና አንጻር የማይመች ቁሳቁስ ነውና ለጥንቃቄ ሲባል ይቅር አሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2008 የአውሮፓ ኮሚሽን የሳይንስ ኮሚቴ በአብዛኛው ያንኑ የጥናት ክምችት አገላብጦ አማልጋም ጥሩ መሙያ ነው፣ በሽታ እንደሚያስከትልም ማስረጃ የለም ሲል ደመደመ። ዮአኪም ሙተር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ ኮሚቴው የማይስማሙትን ጥናቶች ወደ ጎን ትቷል፣ አማልጋም የሌለው ሰው በወጉ ባልተለየባቸው ንጽጽሮችም ተመክቷል ብለው ሞገቱ። መዝገቡ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

ጎጃም ውስጥ የድንበር ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት «ከወዲያኛው ወገን በጋብቻ ማን ተዛምዷል?» ተብሎ ይጠየቃል። ዘመድ የሆነው ይነሣል፤ ካልተነሣም ዝምድናው በሁሉም ፊት ታውቆ ይቀመጣል። ሰውዬው ሐቀኛ አይደለም ተብሎ አይደለም፤ ሐቀኛም ዝምድናው ሳያውቀው ይጎትተዋል ተብሎ ነው። በሳይንስ ጉባኤዎች ይህን ጥያቄ በግልጽ ማንሣት ለረጅም ጊዜ እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር።

የአሜሪካ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ያስተምራል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 አማልጋም ደኅና ነው የሚል ረቂቅ ሰነድ አዘጋጀና በመስከረም ወር የጥርስ ቁሳቁስና የነርቭ ባለሙያዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ አሳየ። 20 ሰዎች ድምፅ ሰጡ። 13ቱ የረቂቁ መደምደሚያ ምክንያታዊ አይደለም አሉ፤ 7ቱ ደገፉት። መሥሪያ ቤቱ ግን በሐምሌ 2009 ባወጣው ደንብ አማልጋምን ስለ ሜርኩሪ ትነት ማሳሰቢያ አስጨምሮ መካከለኛ ጥንቃቄ ከሚሹ መሣሪያዎች ጎራ መደበው፤ ለአዋቂና ከስድስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ሥጋት የለውም አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙት ማርጋሬት ሃምበርግ ከሹመታቸው በፊት የጥርስ ሕክምና ዕቃ፣ አማልጋምንም ጭምር፣ የሚያከፋፍለው የሄንሪ ሻይን ኩባንያ የቦርድ አባል ነበሩ። ተቃዋሚዎች ይህን አጥብቀው ያዙ። ዝምድናው ብቻውን ደንቡ ስህተት ነው አያሰኝም። ነገር ግን 13 ለ7 የተሸነፈ ሐሳብ ተመልሶ ሲመጣ ሰው «ማን መለሰው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2020፣ ያው መሥሪያ ቤት ድምፁን ቀየረ። ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት በተለይም ከስድስት ዓመት በታች ያሉት፣ የነርቭ ሕመም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለባቸው፣ ለሜርኩሪ አለርጂ የሆኑ ሰዎች በተቻለ መጠን አማልጋም አይደረግላቸው አለ። በ2006ቱ ስብሰባ ላይ ሥጋት ሆነው ከተነሡት ጉዳዮች መካከል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ነበሩ። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ስንት እናቶች ጥርሳቸውን አስሞልተው ይሆን?

ፍትሐዊ ለመሆን ከሌላው ወገንም መነሣት ያለበት ነገር አለ። አማልጋም ምንም አላደረገም የሚሉ ሰዎች በባዶ ሜዳ አልተናገሩም። በ2006 ሁለት ትልልቅ የሕፃናት ጥናቶች ታትመዋል፦ በአሜሪካ 534፣ በፖርቱጋል ሊዝበን ደግሞ በካዛ ፒያ ትምህርት ቤቶች 507 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በአማልጋም፣ ግማሾቹ በኮምፖዚት ታከሙ። የመጀመሪያዎቹ ለአምስት፣ የሁለተኞቹ ለሰባት ዓመት ተከታትለው ሲመረመሩ በማስታወስ፣ በትኩረትና በነርቭ ሥራ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በሊዝበኑ ጥናት ከሰባት ዓመት በኋላ ሳይበላሽ የቆየው አማልጋም 94.4 በመቶ፣ ኮምፖዚቱ 85.5 በመቶ ነበር። ከአሜሪካው ጥናት በተገኘ ሌላ ትንታኔ ደግሞ፣ በ2012፣ አንድ ዓይነት ኮምፖዚት በብዛት የተሞላላቸው ልጆች በማኅበራዊ ጠባይ መጠይቅ ዝቅ ያለ ውጤት አሳይተዋል። ነጩ ሙሌትም ነቀፋ የለበትም ማለት አይቻልም።

እኔን እጅግ የሚገርመኝ ግን የሊዝበኑ ጥናት ቀጣይ ታሪክ ነው። ከአጥኚዎቹ አንዱ ጄምስ ዉድስ የራሳቸውን መረጃ መልሰው ከፈቱት። ልጆቹን በዘር ባሕርያቸው ለይተው ሲያዩ በ2012 እንዳሳተሙት አንድ የተለየ የዘረ መል ዓይነት ያላቸው ወንዶች ልጆች በሜርኩሪ መጠን ልክ በአንዳንድ ፈተናዎች ወደ ኋላ ቀርተዋል። በሁሉም አማካይ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ጥቂቶቹ ብቻ ሲታዩ ወጣ። ይህ ውጤት በሌላ ሕዝብ ላይ ተደግሞ መረጋገጥ ይኖርበታል። ቢሆንም አንድ ባለሙያ «ደኅና ነው» ያለውን የገዛ ጥናቱን ተመልሶ ሲመረምር ማየት ከብዙ ማኅተም ይልቅ ያሳምነኛል።

ወገንተኝነት በገንዘብ ብቻ አይመጣም። ለ30 ዓመት በገዛ እጁ አማልጋም የሞላ ሐኪም «ስጎዳቸው ኖርኩ» ብሎ ማመን ያቅተዋል፤ ይህ ሰውነት ነው እንጂ ሌብነት አይደለም። በተቃራኒው ጎራም ጥቅም አለ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን «60 ደቂቃ» የተባለ ፕሮግራም በታኅሣሥ 1990 አማልጋምን ክፉኛ ከነቀፈ በኋላ ሙሌታቸውን ለማስወጣት የተሰለፉ ሕመምተኞች ብዙ ነበሩ። የፀረ አማልጋም ንቅናቄው ታዋቂ ሰው፣ የኮሎራዶው የጥርስ ሐኪም ሃል ሃጊንስ፣ በ1996 ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ደኅና ሙሌት ተቦርቡሮ ሲወጣ ከሚለቀቀው ትነት ታካሚው የሚያገኘው ጉዳት ሙሌቱ እንዳለ ቢቀመጥ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ፍርሃትን የሚሸጥም ነጋዴ ነው።

የባለሙያ ዝምታ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የጃፓኗ ሚናማታ ታውቀዋለች። የቺሶ ፋብሪካ ሐኪም ሃጂሜ ሆሶካዋ በግንቦት 1956 ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ ሕመም መነሣቱን ለጤና ቢሮ አሳወቁ። ከዚያም በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ቀላቅለው ድመቶችን መገቡ። ቁጥር 400 የተባለችው ድመት በዚያ ዓመት ጥቅምት ውስጥ ያንኑ ሕመም ታመመች፤ ተንቀጠቀጠች፣ ዞረች፣ ወደቀች። ኩባንያው ሙከራው እንዲቆም፣ ውጤቱም እንዲደበቅ አደረገ። መንግሥት ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑን ያመነው በ1968 ነው። ሐኪሙ በ1970 ታመው በተኙበት አልጋ ላይ ሆነው መሰከሩ። በሚናማታ ሕዝብ የጨረሰው በዓሣ በኩል የመጣ ሜቲል ሜርኩሪ ነው፤ ከጥርስ ሙሌት ከሚወጣው ትነት በዓይነቱም በኃይሉም ይለያል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። ደመወዙን ከፋብሪካው የሚቀበል አዋቂ እውነቱን ሲያገኝ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ግን ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

ዓለም የሜርኩሪ ስምምነቱን ሚናማታ ብሎ የሰየመው ለዚያች ከተማ መታሰቢያ ነው። ስምምነቱ በጥቅምት 2013 ኩማሞቶ ላይ ለፊርማ ሲከፈት ኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዷ ነበረች። ነሐሴ 2017 ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ላይ አማልጋምን ቀስ በቀስ ቀንሱ ብቻ ይል ነበር። በ2022 ባሊ ላይ አባል አገሮች ባለሙያው ግድ ነው ካላለ በቀር ለወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይደረግ ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ ገደብ ከ2018 ጀምሮ አስከብሮ ነበር፤ ከጥር 2025 ወዲህ ደግሞ ለሕክምና ግድ ካልሆነ በቀር አማልጋምን ለሁሉም ከልክሏል። አሳማኝ የሆነለት በዋናነት የአካባቢ ብክለቱና አማራጭ መኖሩ እንጂ የ2008ቱ የሳይንስ ኮሚቴ ፍርድ መገልበጥ አልነበረም። በኅዳር 2025 ጄኔቫ ላይ የስምምነቱ አባላት አማልጋምን በ2034 ለማስቆም ቀን ቆረጡ። ቀኑ እንዲቆረጥ አብዝተው ከገፉት መካከል የአፍሪካ አገሮች ነበሩ።

የደጀን ነገር እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም ይለያል። ስቶክሆልም ውስጥ አማልጋም ሲቀር ታካሚው ነጩን ያስሞላል። እዚህ አማልጋም ብቻ ቀርቶ ሌላ ነገር ካልገባ የሚቀረው ጉጠት ነው። ጥርስ መነቀሉ በራሱ ጉዳት ነው፤ በ25 ዓመቷ መንጋጋዋ ባዶ የሆነ ሴት ቆሎም ጥሬም አትቆረጥምም። በአንጻሩ የደጀን ቆሻሻ የትም አይሄድም፤ ከተማዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ናት፣ ዝናቡ ያጠበው ሁሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የሙሌት ትራፊ በጉድጓድ ወይም በእሳት የሚወገድ ከሆነ ሜርኩሪው ወደ አፈር ወይም ወደ አየር ይሄዳል። ውኃ ወዳረፈበት አዲስ ግድብ ሲገባ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ሊለውጡት እንደሚችሉ፣ በዓሣም ውስጥ እንደሚከማች ከካናዳ ግድቦች ታውቋል። ከጥቂት የጥርስ ክፍሎች የሚወጣው ትንሽ ነው። ቢሆንም ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከታች ተኝቶ ሳለ ከላይ ያለን ሰዎች ይህን ሳናስብ ማለፍ የለብንም።

አማራጩ የመጣው ከቅርብ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ ኔዘርላንዳዊው ዮ ፍሬንከን ኤሌክትሪክ በሌለበት የሚሠራ መንገድ ሞከሩ። የበሰበሰው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጫራል፤ ቀዳዳው ግላስ አዮኖመር በተባለ ነጭ መሙያ ይደፈናል። መሰርሰሪያ አይፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። መሙያው ትንሽ ፍሎራይድም ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ዘዴውን በ1994 አስተዋወቀ፤ ግላስ አዮኖመርን ደግሞ በ2021 የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ሰፊ ቀዳዳ ላይ እንደ አማልጋም አይጠነክርም። በልጅ ጥርስና በትንሽ ቀዳዳ ላይ ግን ብዙ ያገለግላል፤ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ትምህርት ቤት ድረስ በቦርሳ ይዞት መሄድ ይችላል።

እንግዲህ እስከ 2034 ባለው ጊዜ በአገራችን ብዙ ኮሚቴ ይቀመጣል፦ ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል፣ በምን ይተካል፣ ለማን ቅድሚያ ይሰጣል። እኔ የምጠይቀው የአባላቱ ስም ከውሳኔው ጋር አብሮ እንዲወጣ ነው። ከአስመጪ፣ ከአምራች፣ ከረጂ ድርጅትና ከዘመቻ አድራጊ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይጻፍ። ያልተስማማው አባል ሐሳብ ከነምክንያቱ ይታተም፤ የተተዉት ጥናቶች ለምን እንደተተዉ ይነገር። ከጉባኤው መካከልም በወረዳ ጤና ተቋም ጉጠትና ፋሻ ይዞ የሚውል አንድ ባለሙያ ይቀመጥ፤ ካፕሱሉ ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ከፕሮፌሰሩ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ጥቁር ሙሌት ያለዎት አንባቢ፣ ሙሌቱ ካልተሰነጠቀና ከሥሩ ካልበሰበሰ አያስነኩት፤ የአሜሪካውም መሥሪያ ቤት ምክር ይኸው ነው። ያረገዙ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ፣ ወይም ኩላሊት ካመመዎት፣ ወይም ልጅ ይዘው ከሄዱ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ይንገሩ፤ ከአማልጋም ሌላ ምን እንዳለም ይጠይቁ። ባለሙያውም «ግላስ አዮኖመር አልቋል» ካለ፣ ማለቁን በመዝገብ አስፍሮ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።